ጌሾ ይዘፈዘፋል፣ ጠላ ይጠመቃል፤ ጎንደር መዋኛው አጠገብ ስላለች አንዲት ጠላ ቤት

ቤቷ ስም የላትም። ታፔላም የላትም። ጎንደር ላይ ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ ስትወርዱ፣ መዋኛው ከመድረሱ በፊት ወደ ውስጥ የሚገባ ቀጭን መንገድ አለ። በእሱ ትንሽ እንደ ሄዳችሁ ከአጥሩ በላይ ረጅም እንጨት ይታያችኋል። ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ። ሲያልቅ ያወርዱታል።

የባለቤቷን ስም አልጽፍም። እንዳልጽፍ ለምነውኛል። እኔ እማማ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንዲሁ እላቸዋለሁ።

ስለዚህ ቤት ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ጠላው ብቻ አይደለም። ጠላው ግሩም ነው፤ እደርስበታለሁ። ግን እኔ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ አራሚ ነኝ። 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ውሎዬ ሰዎች በተሳሳተ ቦታ ያስቀመጡትን ቃል አንሥቶ ወደ ቦታው መመለስ ነው። እማማ ቤት ገብቼ ገና የመጀመሪያውን ጥያቄ ስጠይቅ የታረምኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 12 ቀን ጎንደር ባለው ቤታችን ለሚካኤል ጠበል ጻድቅ እናወጣለን። ከአያቴ የመጣ ነው። አያቴ በሕይወት ሳለች ጠላው ቤት ውስጥ ይጠመቅ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ እናቴ ጥቂት ዓመት ሞከረች። አሁን ትከሻዋ ጋን አያነሣም። ስለዚህ ከውጭ ማዘዝ ጀመርን።

ዓምና ከአንድ ቤት 60 ሊትር አዘዝን። የት እንደሆነ አልናገርም። በ5 ቀን ይደርሳል አሉን፤ ደረሰ። ሲመጣ ጣፋጭ ነበር፤ ስኳር ስኳር ይላል። ከሰዓት በኋላ መጎምዘዝ ጀመረ። ማታ ላይ ኮምጣጤ ነው። ጌሾው ከውሃው ጋር ገና አልተዋወቀም ነበር። እንግዶቹ አንድ አንድ ኩባያ ጠጡና ሲደገምላቸው እጃቸውን ኩባያው አፍ ላይ ከደኑ። «ኧረ በቃኝ፣ ጠጣሁ እኮ!» የእኛን ሰው የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እናቴ ማድቤት ገብታ አለቀሰች። ጠበል ጻድቅ የሚካኤል ነው፤ በስሙ የቀረበውን ሰው ሲመልስባት በጣም ከበዳት።

ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ቀደም ብዬ ወሰድኩ። ታኅሣሥ 23 ቀን የወንድሜን ልጅ አስከትዬ እማማ ቤት ሄድኩ። ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ብዙ ይጠይቃል።

«ጠላ ላዝዝ ነበር፣ እማማ።»

«ለመቼ ነው?»

«ለጥር 12።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ጣራ ጣራውን አዩ። «ይደርሳል። ዛሬ ጋኑ ይታጠብ።»

እኔም እንደ ዐዋቂ ሆኜ፣ «ታዲያ ጌሾውን መቼ ነው የሚጠምቁት?» አልኩ።

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። «ጌሾ አይጠመቅም ልጄ። ጌሾ ይዘፈዘፋል። ብቅል ይነከራል። የሚጠመቀው ጠላ ነው።»

ልክ ናቸው። ፍጹም ልክ ናቸው። እኔ ራሴ «ጠጅ ጠመቀች» የሚል ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ሰርዤ «ጠጅ ጣለች» እላለሁ። ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ጠላ ይጠመቃል። ይህን እያወቅሁ ጌሾ ላይ ተሰናከልኩ። ዛሬ ሁሉንም ነገር «መንከር» ብለን እየጨረስነው ነው፤ አፋችን ሰነፈ። አማርኛ ግን አንድን ነገር ፈሳሽ ውስጥ ለመክተት እንዴት ያለ ሀብታም ቋንቋ መሰላችሁ!

እስቲ ከቀላሉ ልጀምር። እንጀራችሁን ወጡ ላይ ነካ አድርጋችሁ ስታነሡ መጥቀስ ነው። «ጠቀስ ጠቀስ አድርጌ ተነሣሁ» ይላል ያልራበው ሰው። ይኸው ቃል ነው በዐይን መጥቀስ የሆነው፤ ይኸው ቃል ነው እኔ በየቀኑ የምደክምበት ጥቅስ። ሁሉም ነካ አድርጎ መመለስ ነው። ዳቦውን ሻይ ውስጥ ሲከቱት መንከር ይሆናል፤ ገባ፣ ጠጣ፣ ወጣ። ሰውም በነገር እጁን ይነክራል። መዝፈቅ ይከብዳል፤ በዕዳ የተዘፈቀ፣ በሙስና የተዘፈቀ ሲባል ራሱ እንኳ የማይታይ ሰው ነው የሚታየኝ። መዘፍዘፍ ደግሞ ጊዜ ይጨመርበታል። ልብስ ማታ በሳሙና ዘፍዝፋችሁ ታድራላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የእኔን ፋይል 7 ወር ዘፍዝፎታል፤ ከዚያ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። ዝናብ ሲመታን ደግሞ በሰበስኩ እንላለን። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው መጥመቅ የሚመጣው።

እንግዲህ ወደ ቤቷ ልመለስ።

እማማ ሥራቸውን ለማየት ለጠየቀ አይከለክሉም። ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። «ለሰው የምሰጠውን ሰው ቢያየው ምን አለበት?» አሉኝ። ስለዚህ እየተመላለስኩ አየሁ።

በመጀመሪያው ቀን ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጠበ። አንዴ አይደለም፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ደጋግመው አሹት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አደረቁት። ፍም ላይ የወይራ እንጨት አደረጉና ጋኑን ደፉበት። ጭሱ በጋኑ አፍ ዙሪያ እየሾለከ ወጣ። ልጁ አስነጠሰ። እማማ በእጃቸው የጋኑን ሆድ እየዳሰሱ ጠበቁ። ሙቀቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ሲሆን አነሡት። «አሁን ታጥኗል፤» አሉ። ቤተ ክርስቲያንም ይታጠናል፣ ጋንም ይታጠናል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ዝም ብለው ነው የሠሩት።

ጌሾው ቅጠልና እንጨት ተብሎ ይለያል። መጀመሪያ የሚገባው የተወቀጠው ቅጠል ነው። በውሃ ተዘፍዝፎ 3 ቀን ተቀመጠ። ይህ ጥንስስ ነው። ሆፕስ የተባለው ተክል ለቢራ የሚሰጠውን ምሬት ጌሾ ለጠላ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ቀን ክዳኑን ከፈቱና እንዳሸት ጠሩኝ። የአረንጓዴ ቅጠል ሽታው ጠፍቶ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር።

ጥንስስ! ስንት ጊዜ ነው ይህን ቃል ያረምኩት። «የማኅበሩ ጠንሳሽ»፣ «ሴራ ጠነሰሱ»። መልካሙም ክፉውም ሐሳብ የሚጀምረው ከዚህ ጋን ነው። ጋዜጣ ላይ ስናነበው ጋኑ ትዝ አይለንም። አንድ ሰው ማኅበር ጠነሰሰ ሲባል ግን የጌሾ ቅጠል ውሃ ውስጥ ከቶ፣ ከድኖ፣ ነገ ይመጣል ብሎ የሄደ ሰው ማለት ነው። ገና ምንም የለም። ሽታ ብቻ ነው ያለው።

ብቅሉ ቀደም ብሎ የተዘጋጀ ነበር። ለሚቀጥለው ጋን የሚሆነውን ሲሠሩ ግን አይቻለሁ። ገብሱ ተነክሮ አደረ። ከዚያ ውሃው ጠፈፈለት፤ በኮባ ቅጠል ተጠቀለለ፣ ድንጋይ ተጫነበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲፈታ ነጭ ነጭ ቡቃያ አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ይፈጫል። የወንድሜ ልጅ የበቀለውን ገብስ በጣቱ እየለየ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ።

ታኅሣሥ 26 ቀን ብቅሉና ተቆራርሶ የተዘጋጀው ቂጣ ጥንስሱ ውስጥ ገቡ። ገናን ከሌላ ጋን እየሸጡ አሳለፉ። ጥር 1 ቀን እንኩሮው ተቆላ። የዳጉሳና የገብስ ዱቄት በትንሽ ውሃ ራስ ይልና ምጣድ ላይ እየታመሰ ይጠቁራል። የዚያን ቀን ሽታ አሁን ስጽፍም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እንኩሮውና የጌሾው እንጨት ሲገቡ ጋኑ ውስጥ ያለው ወፍራም ሆነ፤ ድፍድፍ ሆነ። ከመሬት የሚወጣውን ያልተጣራ ነዳጅ «ድፍድፍ ነዳጅ» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው ሰው ጠላ ቤት ያደገ መሆን አለበት። ጋኑን አይተው ካወቁት በቀር እንደዚያ ያለ ቃል አይመጣም።

ጥር 6 ቀን ውሃው ተጨመረ፤ ጋኑ አፉን ታሸገ። የዚያን ቀን እማማ ወገባቸውን ቀና አድርገው፣ «ይኸው ተጠመቀ፤» አሉ።

ልጁ ይሄኔ ነው የጠየቀው።

«አክስቴ፣ ሰውም ይጠመቃል፣ ጠላም ይጠመቃል?»

ጥያቄው ሞኝነት የለበትም። እኔ የምሠራው ሥራ ነው የጠየቀው። በጠማቂውና በአጥማቂው ወገን ሲሆን ቃሉ ይለያያል። ሴትየዋ ጠላ ጠመቀች፤ ቄሱ ሕፃኑን አጠመቁ። አንድ «አ» ነው ልዩነቱ። የሚጠመቀውን ስናወራ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ጠላው ተጠመቀ፣ ሕፃኑ ተጠመቀ። በግእዝ ጠምቀ ማለት ውሃ ውስጥ ገባ፣ ጠለቀ ማለት ነው። ወንዱ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ወደዚያ ውሃ ይወሰዳሉ። የታመመም ጠበል ሄዶ ይጠመቃል። ከተማው ውስጥ ያለው የዳሸን ፋብሪካም የሚሠራው ሥራ የቢራ ጠመቃ ይባላል። ነገር የሚያበላሽም «ሴራ ጠማቂ» ይባላል። ቃሉ ሁሉንም ይዞ ይኖራል።

ይህን ሁሉ ለልጁ ልነግረው ስጀምር እማማ ቀደሙኝ።

«ና እዚህ። እናትህ ልብስ ዘፍዝፋ ስታወጣው ምንድን ነው?»

«ልብስ።»

«ገብስ ነክሬ ሳወጣው ምንድን ነው?»

«ገብስ። ቡቃያ ያለው።»

«ከዚህ ጋን ውስጥ ያን ገብስ መልሼ አወጣዋለሁ?»

ልጁ ጋኑን አየ። «አይወጣም።»

«እንግዲያው!» አሉ፤ እፍኝ ቆሎ ሰጡትና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

14 ዓመት መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ገጽ አላገኘሁም።

ጥር 10 ቀን ከተራ ሆነ። ከተራ መከተር ነው፤ ውሃ ማገድ። ፋሲል መዋኛ በቀሃ ወንዝ ውሃ ይሞላል። መካከሉ ላይ ያለው ባለ ፎቅ ሕንፃ ውሃው ላይ የቆመ ይመስላል፤ በግንቡ ላይ የዛፎቹ ሥር እንደ ገመድ ወርዷል። መዋኛው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በነገሡት በዐፄ ፋሲል ስም ይጠራል። ታቦታቱ ወርደው እዚያ ያድራሉ። ጥር 11 ንጋት ላይ ውሃው ሲባረክ ወጣቱ ይዘልላል። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እኛ ሌሊቱን የቆምንበት ምክንያት ግን እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው ግንብ ሥር ስለምትቆም ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ የለ፤ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ውሃው ሲረጭ ቀሚሷ በሰበሰ። ፊቷ በራ።

በማግስቱ ቃና ዘገሊላ ነው። ውሃው ወይን የሆነበት ቀን። ከጥምቀት ቀጥሎ ይህ በዓል መሆኑን ሁሌም አውቃለሁ፤ ዘንድሮ ግን ጋኑን ካየሁ በኋላ ሌላ ሆኖ ተሰማኝ። ደግሞ ተመልከቱ፤ በዚያ ቀን ለሰው «ጠበል ቅመሱ» እንላለን። የምናቀምሰው ዳቦና ጠላ ነው። ውሃው ስሙን ለጠላው አውሶታል።

እሺ፣ ጠላው።

ጥር 11 ቀን ከሰዓት ጋኑ ተከፈተ። እማማ በሽክና ቀዱ። መጀመሪያ በእጃቸው መዳፍ ላይ ጠብ አድርገው ራሳቸው ቀመሱ። ወጉ ነው፤ የሚያቀርበው ሰው ሳይቀምስ አይሰጥም። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። መልኩ የጥቁር ቡና ዓይነት ነው፤ ብርሃን ላይ ስታነሡት ቀላ ይላል። ከላይ የተንሳፈፈውን ገለባ እፍ ብዬ ገፋሁት። መጀመሪያ የመጣው ወይራው ነው። ጭሱ አፍ ውስጥ ሳይሆን አፍንጫ ውስጥ ነው የሚሰማው። ቀጥሎ የተቆላው እንኩሮ፣ ልክ የዳቦ ቅርፊት። ምሬቱ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ሥር ይመጣል። ይመራል፣ ግን አያንገፈግፍም። ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፤ ያችም በቦታዋ ናት። ጣፋጭ ነገር የለበትም። ከዋጣችሁት በኋላ አፋችሁ ደረቅና ንጹሕ ይሆናል፤ ሌላ ያሰኛል።

አያቴ ጠላዋ ደርሶ ስትቀምሰው ዐይኗን ትጨፍን ነበር። እናቴ የእማማን ጠላ ስትቀምስ ዐይኗን ጨፈነች። እኔ ከዚህ በላይ መመዘኛ የለኝም።

ጥር 12 ቀን እንግዳው ሁሉ ደገመ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ኩባያቸውን ይዘው፣ «ይህንን ማን ጠመቀው?» ብለው ጠየቁ። «ከየት ገዛችሁት?» አላሉም። «ማን ጠመቀው?» ነው ያሉት። ለእናቴ ይህ በቃት።

እዚያው ቤት ተቀምጦ መጠጣትም ይቻላል። በኩባያ 20 ብር ነው። አሹቅ ያቀርባሉ፤ የተቆላ ባቄላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ልጡ የለቀቀ፣ ጨውና በርበሬ ነስነስ የተደረገበት። ከጠላው ጋር የሚሄድ ነው። አግዳሚዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ረጅም ሰው ጉልበቱ ይቸገራል። መጸዳጃው ከግቢው ማዶ ነው፤ ማታ መብራት የለውም። ይህን ለእማማ ነግሬያቸዋለሁ፤ አምፖል እናስገባለን ብለዋል።

ቅራሪም አለ። ጋኑ መጀመሪያ ከተቀዳ በኋላ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ነው። የምወድላቸው ነገር፣ ቅራሪውን ቅራሪ ብለው በርካሽ ነው የሚሸጡት። ከዋናው ጋር አይቀላቅሉም። ብዙ ቦታ ይህ አይደረግም። ጉሽ የሚወድም ካለ ሳይጠልል ይቀዱለታል። ለእኔ ጉሹ ይከብደኛል፤ እናቴ ግን እሱን ነው የምትመርጠው። ኮረፌ የሚባለውን የገብስ መጠጥ ግን እዚህ አትጠብቁ፤ ያ የደምቢያ ነው፣ እሳቸውም «እሱን ለደምቢያ ሰው ተዉለት፤» ይላሉ።

ለወሰድነው 60 ሊትር 2,100 ብር ከፈልን፤ ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 700 ብር ማለት ነው። ክፍያው በቴሌብር ይሆናል፤ ልጃቸው ስልክ ይዛ አጠገባቸው አለች። ዕቃ የምታመጡት ራሳችሁ ናችሁ። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ጄሪካኖቹን ጢም አድርጌ ሞልቼ ክዳናቸውን አጠበቅሁ። ጠላው ገና በሕይወት አለ፤ ይተነፍሳል። ባጃጅ ውስጥ አንዱ ጄሪካን ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ቆመና «እትዬ፣ ክዳኑን ላላ ያድርጉት፤» አለኝ። ላላ ሳደርገው ፍሽሽ አለና ወንበሩ በጠላ ራሰ። አራት ጣት ያህል ጎደል አድርጋችሁ ቅዱ፣ ክዳኑን አታጥብቁ። ከተቻለ ደግሞ እንስራ ይዛችሁ ሂዱ። በጄሪካን ያደረው ጠላ በሁለተኛው ቀን የወይራው ሽታ ደክሞበታል። በእንስራ የወሰድነው ትንሽ ነበር፤ እሱ እንዳለ ነው የቆየው።

ሌላው የሚያማርር ነገር ቀጠሮው ነው። ነገ ስጡኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው ቢበዛ አንድ ሁለት ሊትር ያገኛል። ለድግስ ሲሆን 20 ቀን አስቀድሞ መንገር ግድ ነው። እኔ ሳለሁ አንድ ሰውዬ ለ10 ቀን ቀጠሮ ከፍ ያለ ዋጋ አቀረበላቸው። «ብሩ ጌሾውን አያፈጥነው ልጄ፤» ብለው መለሱት። ቅር ብሎት ሄደ። እኔም ዓምና ብመጣ ቅር እሰኝ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ቀን ምን እንደሚሠራ አይቻለሁ። ከ3ቱ የጥንስስ ቀን አንዱን ብታነሡ ጌሾው ቅጠል ቅጠል ይላል። ከመጨረሻዎቹ አንዱን ብታነሡ ዓምና እኛ ቤት የመጣው ይሆናል።

አንድ ነገር ላክል። ከሁለት ጋን ነው የተቀዳልን፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ መረር ይል ነበር። ለእማማ ስነግራቸው አልተከራከሩም። ቀመሱ፤ «የጌሾው እንጨት በዝቶበታል፤» አሉ። ከሂሳቡ 100 ብር ሊመልሱልኝ ሲሉ እናቴ እምቢ አለች፤ መረር ያለውን የወደዱ እንግዶች ነበሩና።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት እንስራውን ለመመለስ ሄድኩ። የወንድሜ ልጅ ተከትሎኝ ነበር። ለሌላ ሰው የታዘዘ አዲስ ጋን እየታጠነ ነው። ልጁ ሄዶ በእጁ የጋኑን ሆድ ዳሰሰ። «ገና ነው፤» አለ።

እማማ እሳቸውም ዳሰሱት። «ገና ነው፤» አሉ።

ለፋሲካ የምትፈልጉ ከደብረ ዘይት እሑድ በፊት ሄዳችሁ ንገሯቸው። ዘግይቶ የሚመጣ ትእዛዝ አይቀበሉም። ስልክ አትደውሉላቸው፤ በአካል የመጣ ሰው ነው የሚመዘግቡት።